ስዊቹ ነው የሚጮኸው ወይስ ሌላ ዕቃ? ያልታወቀ ብሮድካስትን ከፓኬቱ ባይቶች አንብቦ ምንጩን ማግኘት

ቢሮው ባዶ ሆኖ የስዊቹ መብራቶች በሙሉ በአንድ ላይ ሲብለጨለጩ፣ ወይም የጥበቃ ሶፍትዌሩ «ያልታወቀ ፕሮቶኮል» እያለ ማስጠንቀቂያ ሲደረድር፣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያደርገው ስዊቹን አጥፍቶ ማብራት ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ችግሩ ለጊዜው ጋብ ይላል፤ ማስረጃው ግን አብሮ ይጠፋል፤ ነገ ሲመለስ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ስዊች ብሮድካስት (በኔትወርኩ ላይ ላሉ ዕቃዎች ሁሉ የተላከ መልእክት) ሲደርሰው ከገባበት ፖርት (የገመድ መሰኪያ) በስተቀር በሁሉም ፖርት ማስወጣት ሥራው ነው። ስለዚህ «ከስዊቹ መጣ» የምንለው ትራፊክ አብዛኛው ባለቤቱ ሌላ ነው፤ ስዊቹ አድራሽ ብቻ ነው። ጥቂቱ ደግሞ በእርግጥ ስዊቹ ራሱ የሚፈጥረው ነው። ሁለቱን የሚለየው የፓኬቱ የመጀመሪያ 14 ባይት ነው። እነሱን ሳታነቡ ገመድ መንቀል አትጀምሩ።

ባይቶች ስክሪን ላይ የሚታዩት በሄክሳዴሲማል ነው። ከ9 በላይ ያሉትን ስድስት አሃዞች እዚህ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ብለን ጽፈናል፤ ፕሮግራሙ ላይ በላቲን ፊደል ታገኟቸዋላችሁ።

ዝግጅት

የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ያለው ላፕቶፕ፣ የሚሠራ ገመድ እና ዋይርሻርክ (ፓኬት ይዞ የሚያሳይ ፕሮግራም) ይበቃል። በዊንዶውስ ላይ ዋይርሻርክን ስትጭኑ አብሮ የሚመጣውን ኤንፒካፕ እሺ በሉ፤ ያለ እሱ ፓኬት መያዝ አይቻልም። በዋይፋይ ለመሞከር አታስቡ። አክሰስ ፖይንቱ ፍሬሙን (በገመዱ ላይ የሚሄደውን ሙሉ ፓኬት) ወደ ሌላ ቅርጽ ይለውጠዋል፤ አንዳንዱም ብሮድካስትን ጭራሽ አያሳልፍም።

ደስ የሚለው ነገር፣ ለብሮድካስት ፍለጋ ፖርት ሚረሪንግ (የአንዱን ፖርት ትራፊክ ወደ ሌላው መቅዳት) አያስፈልግም። ብሮድካስት በየፖርቱ ስለሚደርስ ውድ ያልሆነ፣ ማኔጅ የማይደረግ (ገብተው የማያስተካክሉት) ስዊች ላይ እንኳ ባዶ ፖርት ላይ ተሰክታችሁ ሁሉንም ታያላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት የራሳችሁን ላፕቶፕ ዝም አሰኙት። የኔትወርክ ካርዱን ፕሮፐርቲስ ክፈቱና አይፒ ቨርዥን 4፣ አይፒ ቨርዥን 6 እና የፋይልና ፕሪንተር ማጋሪያውን ምልክት አንሱ። የኤንፒካፕን ምልክት ግን ተዉት። ዋይፋዩንም አጥፉ። ይህን ካላደረጋችሁ ላፕቶፓችሁ ራሱ አርፕ («ይህ አይፒ የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ) እና ዲኤችሲፒ (የአይፒ አድራሻ ልመና) ሲልክ ታዩና የራሳችሁን ድምፅ ስታባርሩ ትውላላችሁ። የላፕቶፑን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን ባለ 6 ባይት መለያ) ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከስዊቹ ጀርባ ወይም ሆድ ላይ የተለጠፈውንም እንዲሁ።

አያያዝ

ኔትወርኩ በጣም ከተጨናነቀ ዋይርሻርክ ራሱ ላፕቶፑን ሊያደርቀው ይችላል። አንድ ጊጋቢት መስመር በትናንሽ ፍሬሞች ሲሞላ በሰከንድ እስከ 1,488,095 ፍሬም ያስተላልፋል። ስለዚህ በካፕቸር ኦፕሽንስ ውስጥ «10,000 ፓኬት ሲሞላ አቁም» የሚለውን አስተካክሉ። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚከሰት ችግር ደግሞ ፋይሉ በየ100 ሜጋባይቱ እንዲቆረጥና 10 ፋይል ብቻ እየተተካካ እንዲቀመጥ አድርጉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራም ዲስክ አይሞላም። በካፕቸር ፊልተር ሳጥኑ ውስጥ ብሮድካስት የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ብትጽፉ የቀረውን ትራፊክ ይተዋል።

መብራት ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ወዲያው አትለኩ። ሁሉም ዕቃ በአንድ ጊዜ ሲነሳ አይፒ አድራሻ ይጠይቃል፣ ጎረቤቱን ይፈልጋል፣ ራሱን ያስተዋውቃል። ይህ ጤናማ ግርግር ነው። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና ጀምሩ።

ስዊቹን ብቻውን መፈተን

ከሥራ ሰዓት ውጭ ማድረግ ከቻላችሁ ይህ ፈተና ብቻውን የሥራውን ግማሽ ይጨርሳል። ገመዶቹን በፕላስተር ቁጥር እየለጠፋችሁ ሁሉንም ከስዊቹ ንቀሉ፤ ላፕቶፑን ብቻ ሰኩ፤ የካፕቸር ፊልተሩን ባዶ አድርጉና 10 ደቂቃ ያዙ። አሥር ደቂቃ ያልነው አንዳንዱ መልእክት በየ60 ሰከንዱ ብቻ ስለሚወጣ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደገም ካላያችሁት ልማዱን አታውቁትም። ፊልተሩን ባዶ ያደረግነው ደግሞ ስዊቾች የሚልኩት ብዙው መልእክት ብሮድካስት ሳይሆን ማልቲካስት (ለተወሰነ ቡድን ብቻ የተላከ) ስለሆነ ነው።

የላፕቶፑ ያልሆነ ማንኛውም ፍሬም ከታየ የስዊቹ ነው፤ ክርክር የለውም። ምንም ካልታየ ስዊቹ ንጹሕ ነው፤ ጩኸቱ ከተነቀሉት ገመዶች በአንዱ ጫፍ ላይ አለ።

14ቱን ባይት ማንበብ

አንድ ፍሬም ላይ ጠቅ አድርጉና ከታች ያለውን የባይት ሰሌዳ ተመልከቱ። ለምሳሌ እንዲህ ያለ መስመር ታገኙ ይሆናል፤

ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ 00 ኢ0 4ሲ 00 00 01 88 99 23 00

የመጀመሪያዎቹ 6 ባይቶች መድረሻ ናቸው። ስድስቱም ኤፍኤፍ ከሆኑ ብሮድካስት ነው። ስድስቱም ካልሆኑ የመጀመሪያውን ባይት ብቻ ተመልከቱ፤ ጎደሎ ቁጥር ከሆነ (ለምሳሌ 01 ወይም 33) ማልቲካስት፣ ሙሉ ቁጥር ከሆነ ለአንድ ዕቃ ብቻ የተላከ ዩኒካስት ነው። ለእናንተ ያልተላከ ዩኒካስት በብዛት ካያችሁ ችግራችሁ ብሮድካስት አይደለም፤ ወደ እሱ በኋላ እንመለሳለን።

ቀጣዮቹ 6 ባይቶች ላኪው ናቸው። የመጀመሪያዎቹ 3 የአምራቹ መለያ ናቸው፤ 00 ኢ0 4ሲ የሪልቴክ ነው። ዋይርሻርክ ቁጥሩን ወደ አምራች ስም ይተረጉመዋል፤ ጥሬውን ቁጥርም ማየትን አትርሱ። የላኪው የመጀመሪያ ባይት ሁለተኛ አሃዝ 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ አድራሻው ከፋብሪካ የመጣ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አድራሻውን የሚቀያይር ስልክ ነው፤ በአክሰስ ፖይንት በኩል ፈልጉት። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፤ ማኔጅ የሚደረግ ስዊች ለእያንዳንዱ ፖርት የራሱ ማክ አድራሻ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ከተለጠፈው ቁጥር በመጨረሻው ባይት ብቻ ቢለይ «የሌላ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

የመጨረሻዎቹ 2 ባይቶች ዓይነቱን ይናገራሉ። ዋጋቸው 0600 (በአሥር ቤት 1536) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የፕሮቶኮል ዓይነት ነው። 1500 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን ዓይነት ሳይሆን ርዝመት ነው፤ ፕሮቶኮሉን ከቀጣዮቹ ባይቶች ታነቡታላችሁ። ሙሉው ፍሬም ቢያንስ 64 ባይት መሆን አለበት፤ የመጨረሻው 4 ባይት የስህተት ማጣሪያ ስለማይያዝ ትንሹን ፍሬም ዋይርሻርክ 60 ብሎ ያሳያችኋል። መልእክቱ አጭር ከሆነ ቀሪው በዜሮ ይሞላል፤ የዜሮውን ሰልፍ ምስጢር አድርጋችሁ አትመራመሩበት።

ዓይነት 88 99

ከላይ ያለው ምሳሌ ብዙ ሰው የሚደናገጥበት ነው። ማኔጅ የማይደረግ፣ አይፒ አድራሻ የሌለው፣ «ዝም ብሎ የሚያስተላልፍ» ተብሎ የተገዛ ስዊች በራሱ ስም ብሮድካስት ሲልክ! ምክንያቱ ውስጡ ያለው የሪልቴክ ቺፕ ነው። 88 99 የሪልቴክ የራሱ ፕሮቶኮሎች መለያ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ያለው ባይት የትኛው እንደሆነ ይናገራል። 01 ከሆነ የርቀት መቆጣጠሪያው፣ 02 ኤኮ፣ 03 ሉፕ ፈላጊው ነው። በትናንሽ ስዊቾች ላይ በዚህ ቦታ 23 የሚል ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ እሱም ሉፕ ፈላጊ ነው።

ሉፕ ፈላጊው አሠራሩ ቀላል ነው። ስዊቹ የራሱን አድራሻ የያዘ ብሮድካስት ይልካል፤ ያው ፍሬም ተመልሶ ከደረሰው ገመዱ የሆነ ቦታ ዞሮ ወደ ራሱ ተሰክቷል ማለት ነውና መብራት ያበራል ወይም ፖርቱን ይዘጋል። ፍሬሙ ትንሽ ነው፤ በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ከመጣ መስመር አይጨናነቅም። ስለዚህ ጸጥ ባለ ኔትወርክ ላይ 88 99ን በየተወሰነ ሰከንዱ አንድ ጊዜ ብታዩ የስዊቹ ጤና እንጂ በሽታው አይደለም። ማኔጅ በሚደረገው ላይ ሉፕ ዲቴክሽን ወይም ሉፕ ፕሪቬንሽን የሚለውን በመዝጋት ይቆማል፤ ማኔጅ በማይደረገው ላይ ግን ከጎኑ ማብሪያ ማጥፊያ ካልተሠራለት ማቆሚያ የለውም። እኛ ብንጠየቅ፣ ማስጠንቀቂያውን በጥበቃ ሶፍትዌሩ ላይ ለይቶ ማሳለፍ ሉፕ ፈላጊውን ከመዝጋት ይሻላል እንላለን። ልብ ማለት ያለባችሁ 01 የሚለው ከስዊች ሳይሆን ከኮምፒውተር ማክ አድራሻ ሲመጣ ነው፤ ያኔ አንድ ሰው ወይም ፕሮግራም ስዊቾችን እየፈለገ ነው።

ሌሎች የስዊች ድምፆች

88 ሲሲ ኤልኤልዲፒ ነው፤ ዕቃዎች በተለምዶ በየ30 ሰከንዱ ለጎረቤታቸው ራሳቸውን ያስተዋውቁበታል። 90 00 ሆኖ ላኪውም መድረሻውም አንድ ማክ አድራሻ ከሆነ የሲስኮ ስዊች በየ10 ሰከንዱ ፖርቱን የሚፈትንበት ነው። 90 03 የማይክሮቲክ ሉፕ ፕሮቴክት ነው፤ ካልቀየራችሁት በየ5 ሰከንዱ ይወጣል። እነዚህን አይታችሁ እለፉ።

ዓይነቱ 08 00 ከሆነ በውስጡ አይፒ አለ። ከዜሮ ጀምራችሁ ስትቆጥሩ 23ኛው ባይት 11 ከሆነ ዩዲፒ ነው፤ የመድረሻ ፖርቱ (እዚህ የገመድ መሰኪያ ሳይሆን የአገልግሎቱ ቁጥር ነው) በ36ኛውና በ37ኛው ባይት ላይ ይገኛል (የአይፒ ራስጌው እንደተለመደው በ45 ከጀመረ)። 16 2ኢ፣ በአሥር ቤት 5678፣ የማይክሮቲክ ጎረቤት ፈላጊ ነው፤ በየጊዜው ወደ 255.255.255.255 ይሄዳል። በማይፈለግባቸው ፖርቶች ላይ ኔበር ዲስከቨሪን ዝጉ፤ የራውተሩን ስምና የሶፍትዌሩን ቨርዥን ለማንም ያወራልና።

00 43፣ ማለትም 67፣ ከሆነ ዲኤችሲፒ ነው። ማኔጅ የሚደረግ ስዊች ቋሚ አይፒ ካልተሰጠው ራሱ አድራሻ እየለመነ ይኖራል። በፓኬቱ ውስጥ ኦፕሽን 12 የዕቃውን ስም፣ ኦፕሽን 60 ዓይነቱን ስለሚናገሩ ማን እንደሚለምን ለማወቅ እነሱን ክፈቱ። ዲስከቨር (የመጀመሪያው ፍለጋ) ብቻ እየተደጋገመ ሪኩዌስት (የቀረበለትን አድራሻ መጠየቂያው) ካልተከተለው መልስ አላገኘም ማለት ነው። መልሱ ራሱ ብዙ ጊዜ በዩኒካስት ስለሚሄድ በእናንተ ፖርት ላይ አለማየታችሁ ምንም አያረጋግጥም፤ የሚያረጋግጠው የሪኩዌስቱ መኖር ነው። መድኃኒቱ ለስዊቹ ቋሚ አይፒ መስጠት ነው።

አርፕ፣ ዓይነት 08 06

በቁጥር ብዙውን ብሮድካስት የሚይዘው ይህ ነው። ሙሉ መልእክቱ 42 ባይት ነው። ጠያቂው አይፒ ከ28 እስከ 31፣ የሚፈለገው አይፒ ከ38 እስከ 41 ባሉት ባይቶች ላይ ነው። ሲ0 ኤ8 01 32 ብሎ ካያችሁት 192.168.1.50 ማለት ነው።

የሚፈለገው አይፒ ሳይቀየር በየሰከንዱ ከተደጋገመ አንድ ኮምፒውተር የሌለ ዕቃ እየፈለገ ነው፤ አይፒው የተቀየረ ፕሪንተር ወይም የተነሳ ሰርቨር ይሆናል። ጠያቂው ኮምፒውተር ላይ የቆየውን የፕሪንተር ፖርት አጥፉ። የሚፈለገው አይፒ 1፣ 2፣ 3 እያለ በቅደም ተከተል ከወጣ ስካን ነው፤ ጠያቂው ራውተር ወይም የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ካልሆነ ያን ኮምፒውተር ለቫይረስ መርምሩት። እዚህም ያው ወጥመድ አለ። የአርፕ መልስ ዩኒካስት ስለሆነ አታዩትም፤ «ማንም አይመልስም» ብላችሁ ከመደምደም በፊት የላፕቶፓችሁን አይፒ ስላጠፋችሁት ከሌላ ኮምፒውተር ሆናችሁ አይፒውን ፒንግ አድርጉና የዚያን ኮምፒውተር አርፕ ሰንጠረዥ እዩ።

ርዝመት ሲሆን

በዓይነቱ ቦታ 00 26 ወይም 00 27፣ ቀጥሎም 42 42 03 ካያችሁ ስፓኒንግ ትሪ (ስዊቾች ሉፕን ለመከላከል የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ነው፤ መድረሻው 01 80 ሲ2 00 00 00 ይሆናል፤ በተለምዶ በየ2 ሰከንዱ ይመጣል። የሚጠቅማችሁ 21ኛው ባይት ነው። በራፒድ ስፓኒንግ ትሪ ላይ ብዙ ጊዜ 3ሲ ወይም 7ሲ ሆኖ ይታያል። ወደ 3ዲ ወይም 7ዲ ከተቀየረ፣ በአጠቃላይ ጎደሎ ከሆነ፣ ስዊቹ «የኔትወርኩ ቅርጽ ተለወጠ» እያለ ነው። ያኔ ስዊቾች የተማሩትን የማክ አድራሻ ይጥላሉ ወይም ቶሎ እንዲያረጅ ያደርጋሉ፤ እንደገና እስኪማሩ ዩኒካስቱን በየፖርቱ ይረጩታል። ቅድም ለሌላ የተላከ ዩኒካስት ብዙ ካያችሁ ያልነው ይህ ነው። ኮምፒውተር የተሰካባቸውን ፖርቶች ኤጅ ብላችሁ ብታስተካክሉ አንድ ሰው ላፕቶፕ በነቀለ ቁጥር ይህ አይነሳም። ሌላው ምክንያት የጊዜ አለመጣጣም ነው። ስዊቹ ማክ አድራሻን በተለምዶ በ300 ሰከንድ ይረሳል፤ የሲስኮ ራውተር ግን አርፕን 4 ሰዓት ያስታውሳል፤ ዝም ያለ ዕቃ ካለ ራውተሩ ይልክለታል፣ ስዊቹ የት እንዳለ አያውቅምና ለሁሉም ይረጫል።

ሉፕ ነው ወይስ አንድ የታመመ ዕቃ?

የኢተርኔት ፍሬም የዕድሜ ቆጣሪ የለውም። ሉፕ ውስጥ የገባ አንድ ብሮድካስት ገመዱ እስኪነቀል ይዞራል፤ እያንዳንዱ አዲስ ብሮድካስትም ይጨመርበታል። ስታቲስቲክስ ከሚለው ሜኑ ኢንድፖይንትስን፣ ከሱም ኢተርኔትን ክፈቱና በፓኬት ብዛት ደርድሩ። ከላይ የቆመው አንድ ማክ አድራሻ ብቻ ከሆነ የታመመ ዕቃ ነው። ብዙ የተለያዩ ላኪዎች ሁሉም በከፍተኛ ቁጥር ከቆሙ ሉፕ መሆኑን ጠርጥሩ።

ማረጋገጫው ከድግግሞሹ ነው። አይፒ ያለበትን አንድ ብሮድካስት ምረጡ፤ 18ኛውና 19ኛው ባይት የአይፒ መለያ ቁጥር ናቸው። ላኪ ዕቃ ሁለት መልእክት ቢልክ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ ሉፕ ግን ያንኑ ፍሬም ስለሚያዞር ቁጥሩ አይለወጥም። አንዳንድ ዕቃ መለያውን ሁልጊዜ ዜሮ ስለሚያደርግ ዜሮ ከሆነ ሌላ ፍሬም ምረጡ፤ በዲኤችሲፒ ከሆነ የትራንዛክሽን መለያውን ከሱ ጋር አያይዛችሁ ተመልከቱ። የጊዜ ማሳያውን «ካለፈው ፓኬት ወዲህ» ወደሚለው ቀይሩ፤ ያው ፍሬም በማይክሮ ሰከንዶች ልዩነት በመቶዎች ከተደገመ ሉፕ ነው። በትክክል ሁለት ሁለት ጊዜ ብቻ ከተደገመ ግን አትቸኩሉ፤ ሚረር የተደረገ ፖርት ላይ ሆናችሁ ገቢውንም ወጪውንም እየያዛችሁ ሊሆን ይችላል።

ፖርቱን ማግኘት

ማኔጅ በሚደረግ ስዊች ላይ የማክ አድራሻ ሰንጠረዡን ክፈቱና ላኪውን ፈልጉ። የተገኘበት ፖርት ወደ ሌላ ስዊች የሚሄድ ከሆነ እዚያ ሄዳችሁ ያንኑ ድገሙ። አንድ ማክ አድራሻ ገጹን ባደሳችሁ ቁጥር ከፖርት 3 ወደ ፖርት 7፣ ከ7 ወደ 3 ከዘለለ ሉፑ በነዚህ ሁለት መካከል ነው።

ማኔጅ በማይደረገው ላይ የዋይርሻርክን አይኦ ግራፍ (የፓኬቱን ብዛት በጊዜ የሚያሳየውን) ክፈቱ፤ ከገመዶቹ ግማሹን ንቀሉ። መስመሩ ወደ ታች ከወደቀ ጥፋቱ ከተነቀሉት አንዱ ነው፤ ካልወደቀ ከቀሩት። ያን ግማሽ እንደገና ግማሽ አድርጉ፤ 24 ፖርት ያለው ስዊች ቢበዛ በአምስት ሙከራ ያልቃል። ሉፕ ከሆነ ሁለቱ ጫፎች በተለያየ ግማሽ ሊገኙ ስለሚችሉ የትኛውንም ግማሽ ብትነቅሉ ይቆማል፤ ያኔ አንድ በአንድ መልሳችሁ እየሰካችሁ ግራፉ የሚነሳበትን ገመድ ያዙ። ገመዱን ተከትላችሁ ጠረጴዛ ሥር እዩ። ሁለት መሰኪያ ያለው የአይፒ ስልክ ሁለቱም ወደ ግድግዳ ተሰክተው፣ ወይም ትንሽ ባለ 5 ፖርት ስዊች ላይ የአንድ ገመድ ሁለት ጫፎች ተሰክተው ታገኛላችሁ።

ሉፑ ከተነቀለ በኋላ ስፓኒንግ ትሪን አብሩ፣ የተጠቃሚ ፖርቶች ላይ ቢፒዲዩ ጋርድን (የስፓኒንግ ትሪ መልእክት ሲደርሰው ፖርቱን የሚዘጋውን) ጨምሩ። ስቶርም ኮንትሮልም (የብሮድካስትን ብዛት የሚገድበው) ጥሩ ነው፤ ገደቡን ግን አታጥብቁት። መብራት ሲመለስ የሚነሳውን የዲኤችሲፒና የአርፕ ግርግር ከቆረጠው ግማሹ ኮምፒውተር አይፒ ሳያገኝ ይቀራል፤ መጀመሪያ ያንን ግርግር በአይኦ ግራፍ ለኩና ገደቡን ከሱ በደንብ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

በመጨረሻም ላፕቶፑን እዚያው ፖርት ላይ እንደሰካችሁ ሌላ 10 ደቂቃ ያዙ። ፋይሉን በቀኑና በስዊቹ ስም አስቀምጡት፤ በሚቀጥለው ጊዜ «ይህ ድሮም ነበረ ወይስ አዲስ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እሱ ውስጥ ይገኛል። የካርዱን አይፒ ቨርዥን 4 እና 6 ምልክቶች መልሳችሁ ማድረጋችሁንም አረጋግጡ።